ዎርድ ውስጥ የሚወለድ ጥያቄ

ሆሳዕና ነርስ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም እዚያው ናቸው። በዲፕሎማና በዲግሪ ዎርድ የሚገባው ብዙ ነው። ከዚያ በላይ ፒኤችዲ ለነርስ ምን ይሠራለታል? ሐኪም አያደርገውም፤ መርፌ መውጋትንም አያስተምረውም። የሚያስጨብጠው ሙያ በሥራ ላይ የታየን ችግር በመረጃ ሊመለስ ወደሚችል ጥያቄ መለወጥና መልሱን ለሌሎች ፍተሻ ማቅረብ ነው።

ክብደቱ አንሶ የተወለደን ሕፃን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ የካንጋሮ እናት እንክብካቤ (ሕፃኑን ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አቅፎ መያዝ) ሕፃኑ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰው ሞት በ25 በመቶ ይቀንሳል። ዕውቀቱ አለ። ከአንጋጫ ወይም ከሾኔ የመጣች እናት ግን ሌሎቹን ልጆቿን ለማን ትታ ዎርድ ትሰንብት? እሷ ስትደክም አማቷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ብትይዘው ሙቀቱ ይጠበቃል? ሌሊቱን ስንት ሰዓት ታቅፎ ያድራል? ይህን ከማንም ቀድሞ የሚያየው የሌሊት ተረኛው ነርስ ነው። ሰዓቱን መዝግቦ፣ ሙቀቱን ለክቶ፣ እናቶቹን በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ጠይቆ፣ ቤታቸው ድረስ ከተከታተለ የዶክትሬት ጥናት ይወጣዋል።

«ነርስ በጠፋበት አገር አንዱን ለዓመታት ከዎርድ ማንሳት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ጥናት ለአንድ ነርስ አንድ ታካሚ ሲጨመር የመሞት ዕድል በ7 በመቶ እንደሚጨምር፣ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲያድግ ደግሞ በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አላረጋገጠም፤ ስለ ዶክትሬትም አልተናገረም። ሆኖም ቁጥርና ትምህርት አንዱ በሌላው እንደማይተካ ያመለክታል። ስለዚህ መፍትሔው ትምህርቱን ማስቀረት ሳይሆን የጥናቱን መረጃ ነርሱ በሚሠራበት ሆስፒታል መሰብሰብ ነው። «ዶክተር ከሆነ በኋላ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው፦ ዎርድና ማስተማር የተጣመሩበት የሥራ መደብ ካልተዘጋጀለት መሄዱ አይቀርም።

ለመማር ያሰብክ ነርስ ሆይ፣ ከማመልከትህ በፊት ጥያቄህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። መልሱ የትኛውን ታካሚ እንደሚጠቅም መናገር ካልቻልክ ማመልከቻውን አቆየው።