ጣት ከማረፉ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ሰንጥቋት የሚያልፋት ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። የዞኑ ሰው ብዙውን ጉዳይ በቃሉ ይጨርሳል። በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል ሲሸጥ ምስክሩ አጠገብ የቆመው ሰው ነው፤ ሕጉም ለዚህ ማኅተም አይጠይቅም። ቤት ሲሸጥና ውክልና ሲሰጥ ግን ሕዝቡ በተለምዶ "ውልና ማስረጃ" በሚለው ቢሮ መቅረብ የግድ ይሆናል።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይህ ሰነድ የማረጋገጥ ሥራ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ በፍትሕ መሥሪያ ቤቶች በኩል ይሠራል። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች "ኖታሪ" ለመሆን የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። በፈረንሳይ ግን ኖታሪ የሕግ ባለሙያ ነው። የእኛ አገር አረጋጋጭም ወደ ፈረንሳዩ ያዘነብላል፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁትም ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው።

ማኅተሙ የሥራው ማብቂያ ነው፤ ዋናው ሥራ ጥያቄው ነው። የቀረበው ሰው ራሱ ነው? ዕድሜውና አእምሮው ለውል ይበቃል? ቤቱ የእሱ ነው? ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱ ተስማምታለች? የሰነዱ ይዘት ከሕግ ጋር ይጋጫል? አረጋጋጩ በራሱ ወይም በትዳር ጓደኛው ጉዳይ ላይ ማኅተም ማሳረፍም አይችልም።

ለከሚሴ አካባቢ ከሁሉ የሚልቀው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ነው። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በወረቀት ላይ ያሳረፈው አሻራ የሚያስገድደው ውል አዋዋይ (ኖታሪ)፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አባት በበዙበት አገር ይህ ትልቅ ጋሻ ነው። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ጥበቃው ሙሉ የሚሆነው ሰነዱ ፈራሚው በሚሰማው ቋንቋ ሲነበብለት ነው። ያልገባው ሰው አሻራ ፈቃዱን አያሳይም፤ ያለ ማብራሪያ የተመታ ማኅተምም ጋሻውን ባዶ ያደርገዋል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ውክልና ነው። ጅዳ የምትሠራ እህት ከሚሴ ላለ ወንድሟ ውክልና ላከች እንበል። ቆንስላው ፊት ፈርማለች፤ ሰነዱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፏል። ወረቀቱ "ጠቅላላ ውክልና" ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቁጥር 2203 መሠረት ወንድሟ ንብረቷን ማስተዳደር እንጂ ቤቷን መሸጥ አይችልም። ቤት መሸጥና በመያዣ ማስያዝ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ገዢ ተገኝቶ ወረቀቱ ሲታይ ነው። በተቃራኒው፣ "ያድርግልኝ" ብላ ሁሉን በዝርዝር የፈቀደች እህት የላቧን ውጤት ለሌላ ሰው እጅ አሳልፋ ሰጥታለች። በዚህ ጊዜ ቃላቱን የሚመዝነው አረጋጋጭ ከጠበቃ ያልተናነሰ ውለታ ይሠራል።

ቤት ሽያጭም በመንደር ሽማግሌ ፊርማ ብቻ ቢቀር ያሰጋል። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያልጠበቀ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። ሽማግሌዎቹ ሐቀኛ ቢሆኑም ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ውክልና የሚሰጥ ሁሉ "በቋንቋዬ አንብቡልኝ" ብሎ ይጠይቅ። ሐሳቡን ከቀየረም በቁጥር 2226 መሠረት ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ የመሻሪያውን ቅጂም ተወካዩ ይጠቀምበት ለነበረው መሥሪያ ቤት ሳይዘገይ ያስገባ።