የከተማና የገጠር መልክ፤ ከጎንደር እስከ ገንዳ ውሃ

በከተማ ያሉ እመቤቶች ቡና አስፈልተው ከፍሙ ላይ የሚጥሉት ዕጣን ከምን ዛፍ እንደሚገኝ፥ ዛፉም በምን ዓይነት አገር እንደሚበቅል ልጆቻቸው ቢጠይቋቸው፥ ብዙዎቹ መልስ ለመስጠት የሚቸገሩ ይመስለናል። ይህም የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ የከተማ ሰው ዕጣንን የሚያውቀው ተለቅሞ ከገበያ ከገባ በኋላ ነውና። ነገር ግን የከተማና የገጠር መልክ እንዴት እንደሚለያይ ለመመልከት ለሚወድ ሰው ከዚህ ጥያቄ የሚሻል መነሻ አላገኘንም። ስለዚህ አንባቢያችን ከእኛ ጋራ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ ቆላ እንዲወርድ እንለምነዋለን።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሯት ወዲህ ብዙ እንግዳ ግንቧን አይቶ አድንቋል። እኛ ግን ዛሬ ግንቡን ትተን ዛፉን እንመለከታለን። በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንደ ሰው ጣት ሆኖ የድንጋዩን አጥር ጨብጦ ይዞታል፤ ድንጋዩ ሥሩን ይዞት ይሁን ወይም ሥሩ ድንጋዩን፥ ለማወቅ ያስቸግራል። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ቅጥር ውስጥ የቆሙት ጽዶች ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላና ግርማ ሆነውታል። ከቅጥሩ ወጥቶ ኰረብታውን ያየ ሰው ግን አብዛኛውን የሚያገኘው ባሕር ዛፍ ነው። የከተማ ዛፍ በሕይወት የሚኖረው አጥር ስላለውና ጠባቂ ስላለው ነው።

የአዲስ አበባም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ከተማይቱ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመት በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ዛሬ የእንጦጦ መልክ ነው ብለን የምናደንቀው አረንጓዴ፥ የፊተኛው ካለቀ በኋላ በምትኩ የተተከለ ነው።

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከጎንደር እስከ ሱዳን ድንበር መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዘዞንና በጭልጋ ያለችውን አይከልን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ፥ አየሩ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይከብዳል፤ ከደጋ ተደርቦ የወጣው ጋቢም ይወልቃል። መተማ ስንደርስ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ በአንድ ቀን መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ወረድን ማለት ነው። የጤፉ ማሳና በየጉብታው ላይ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ወደ ኋላ ይቀራል። በፊታችን ግራር፥ ቁርቁራ፥ የቆላ ቀርቀሃና የዕጣን ዛፍ የተቀላቀለበት ሜዳ ይዘረጋል።

ይህን አገር ሰው የሚያውቀው በታሪኩ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ ስለ ወደቁበት ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ተብላለች። ስለ መልኩ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ምክንያቱም የደጋ ሰው ወደዚያ የሚወርደው ወይ ለንግድ ወይ ለሥራ፥ አብዛኛውን ጊዜም በበጋ ስለ ሆነ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ዋልካው መሬት ይሰነጠቃል፥ ሣሩ ይቃጠላል፥ ዛፉም ቅጠሉን ያራግፋል። መንገደኛውም አገሩ የሞተ መስሎት ንዳዱን እየፈራ ይመለሳል። ሆኖም የዕጣን ዛፍ አበባውን የሚያወጣው ልክ በዚያን ጊዜ፥ አንድም ቅጠል በሌለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቅርፊቱም እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ይታያል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲን ያወጡለት ስም «ወረቀት ተሸካሚ» ማለት ነው። በሰኔ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ ያው ሜዳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደማይታወቅ ሆኖ ይለወጣል። የከተማ መልክ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጐደል አንድ ነው፤ የቆላ ገጠር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ልብሱን ይለውጣል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው አገሩን አይቻለሁ ሊል አይገባውም።

ወንዞቹም እንዲሁ ናቸው። የገንዳ ውሃ ወንዝ የሚገባበት ጓንግ፥ ከድንበሩ ወዲያ አትባራ የሚባለው፥ በክረምት ግንድ እየነቀለ ይወርዳል። ሽንፋም በሱዳን ራሃድ ተብሎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በበጋ ግን ፈሳሹ ይቋረጥና ውሃው እዚህም እዚያም በኵሬ ይቀራል። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ የቈፈሩ ሊቃውንት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የሰፈሩ ሰዎች፥ በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው ታላቅ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፥ ከነዚሁ ከሚያንሱ ኵሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። ከተማ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት የበጋው ኵሬ ሰውን ይመግብ ነበር ማለት ነው።

አውሬውም ገና አልጠፋም። ጀምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ ያለፈበት የዚህ ወገን አውራጃ ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ በዐረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፥ በዐፄ ቴዎድሮስ አገር በቋራ፥ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። በ2008 ዓ.ም. ሌሊት በሚያነሣ የፎቶግራፍ መሣሪያ አንበሶች በውስጡ መኖራቸው ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ዕጣኑ እንምጣ። በበጋ ወራት ሠራተኛው በስለታም መሣሪያ ከግንዱ ቅርፊት ጥቂት ይልጣል፤ ከቍስሉ የሚወጣው ነጭ ሙጫ ደርቆ ይለቀማል፥ ቍስሉም እንደ ገና ይታደሳል፤ እንዲህ እየተባለ ብዙ ዙር ይሄዳል። ዛፉ ፋታ ካላገኘ ይደክማል፤ ይህን ማንም ይገምታል። በመተማ 12 ቦታዎች ላይ የኢትዮጵያና የሆላንድ ሊቃውንት አብረው መርምረው በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ግን ከዚህ የባሰ ነገር ገለጠ። ዕጣን በሚለቀምበትም በማይለቀምበትም ቦታ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው ጐልማሳ ዛፍ አልተገኘም። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ በ15 ዓመት ውስጥ የሚለቀመው ዕጣን በግማሽ፥ በ50 ዓመትም ከአሥሩ ዛፍ ዘጠኙ እንደሚጠፋ ገመቱ። በዚህ ላይ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋ ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወርዷል፤ የሰሊጥና የጥጥ እርሻም እየሰፋ ሄዷል። ሰፋሪውን አንነቅፍም፤ መሬት ያጣ ሰው መሬት መፈለጉ ተገቢ ነው፥ ሰሊጡም ለመንግሥት የውጭ ገንዘብ ያስገባል። ነገር ግን የእርሻ መሬት የሚሰጥበት ወረቀት የሚፈረመው በከተማ ነው። የሚፈርመው ሹም አገሩን በበጋ አይቶት ወይም በካርታ ብቻ አይቶት እንደ ሆነ፥ ዛፉ ቅጠል የለውምና «ባዶ መሬት» ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ይኸው ቃል ነው።

ገንዳ ውሃም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆና እየሰፋች ነው፤ ሸኸዲ የሚሏትም አሉ። በቆላ ከተሞች ለጥላ ተብሎ የሚተከለው ኒም የሕንድ አገር ዛፍ ነው። ጥላው መልካም ነው፥ እኛም ብንሆን በዚያ ፀሐይ ከሥሩ መቀመጥን አንጠላም። ሆኖም አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ያደረገችውን የቆላ ከተማ በኒም ስትደግመው ማየት ያሳስባል።

የዕጣን ዛፍ ዘር አይበቅልም ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ዘሩ በክረምት በብዛት ይበቅላል። በጋ ሲመጣ ግን ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፥ ወይም ለሣሩ የተለኰሰ እሳት ያቃጥለዋል፤ ግንድ ሳይሆንም ብዙ ዓመት ያልፋል። ሥሩ ብቻ ከመሬት በታች ይቈይና በሚመጣው ሰኔ እንደ ገና ያቈጠቍጣል።