ከፈጣን የወባ ምርመራ የሚያመልጠው ተህዋስ፦ ጂኖም የሚነግረን የዝግመተ-ለውጥ ታሪክ

ትኩሳት ያለበት ሕመምተኛ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መጥቶ በፈጣን መመርመሪያ ኪት የተደረገለት የወባ ምርመራ ኔጌቲቭ ሲሆን፣ ባለሙያው ሌላ የትኩሳት መንስኤ መፈለጉ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ኪቱ ሳይበላሽ፣ ምርመራውም በትክክል ተሠርቶ፣ ተህዋሱ በደም ውስጥ እያለ ውጤቱ ኔጌቲቭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ለመረዳት ዝግመተ-ለውጥ በጂኖም አማካይነት እንዴት እንደሚጠና ማወቅ ይጠቅማል።

ጂኖም ማለት የአንድ ሕያው ነገር የዘር መረጃ በሙሉ ነው። የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በተደረገ ጊዜ፣ በ14 ክሮሞዞሞች ላይ የተደረደሩ 23 ሚሊዮን ያህል ቤዞችና ከ5,000 በላይ ዘረ-መሎች እንዳሉት ታውቋል። ይህ መረጃ በየትውልዱ ሲገለበጥ ስሕተት ይፈጠራል፤ አንድ ቤዝ ይለወጣል ወይም አንድ ክፍል ይጎድላል። አብዛኛው ለውጥ ጉልህ ጥቅም የለውም። ለመኖርና ለመራባት የሚረዳው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ ይሄዳል። ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚባለውም ይኸው ነው።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ በስፋት ያገለገሉት ኪቶች የፋልሲፓረምን ወባ የሚለዩት ኤች አር ፒ 2 በተባለው ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ ዘረ-መል በክሮሞዞም 8 ላይ ይገኛል። በክሮሞዞም 13 ላይ ያለው ተመሳሳዩ ኤች አር ፒ 3ም አንዳንድ ጊዜ የኪቱን መስመር ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱም የጎደሉት ተህዋስ ግን ከምርመራው ያመልጣል። ያልታወቀ ሕመምተኛ ስለማይታከም ተህዋሱ ወደ ትንኝ የመተላለፍ ዕድል ያገኛል። በዚህም ምርመራው ራሱ መራጭ ኃይል ይሆናል።

ጉድለቱ የተስፋፋው በአጋጣሚ ነው ወይስ በምርጫ? የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ አንድ ጸሐፊ የዘለለው መስመር ከእርሱ ቅጂ በተገለበጡት ሁሉ ሳይኖር እንደሚቀር፣ የዘረ-መል ጉድለትም የዘር ሐረግን ያመለክታል። በሌላ በኩል፣ ተህዋሱ በትንኝ ውስጥ በጾታዊ መንገድ ሲራባ ክሮሞዞሞች ክፍሎቻቸውን ስለሚለዋወጡ፣ በአንድ ዘረ-መል ዙሪያ ያለው ቅደም ተከተል ከጊዜ ብዛት ይደበላለቃል። ስለዚህ ጉድለቱ ባለባቸው በርካታ ተህዋስያን ዙሪያውን ረጅምና አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከተገኘ፣ ከቅርብ ጊዜ የጋራ ምንጭ በፍጥነት መስፋፋታቸውን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ በ2021 ታትሟል። በግምቱ መሠረት በኤች አር ፒ 2 ላይ የተመሠረቱ ኪቶች በዘረ-መሉ ጉድለት ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶውን ይስታሉ። የጂኖም ትንታኔው ደግሞ የኤች አር ፒ 3 ጉድለት ቀድሞ እንደነበረ፣ የኤች አር ፒ 2 ጉድለት ግን በቅርቡ በጠንካራ ምርጫ እንደተስፋፋ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚሳቱት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲበልጡ የኪቱ ዓይነት እንዲለወጥ ይመክራል።

ኔጌቲቭ ውጤት በኪቱ መበላሸት ወይም በተህዋሱ ቁጥር ማነስም ሊመጣ ስለሚችል፣ የዘረ-መል ጉድለትን የሚያረጋግጠው የሞለኪውል ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ሆኖም የሕመሙ ምልክትና የአካባቢው ሁኔታ ወባን የሚያስጠረጥሩ ከሆነ፣ ኤች አር ፒ 2ን በሚፈልግ ኪት የተገኘ ኔጌቲቭ ውጤት የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይገባም። ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ውጤቶቹ ሲለያዩም መዝግቦ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሕመምተኛውን ከሞት የሚያድነው፣ ተህዋሱ ከምርመራ በማምለጥ የሚያገኘውን ጥቅምም የሚነፍገው ይህ ጥንቃቄ ነው።