ተጨማሪ መረጃ፦ ባለቤቱ ጥፋተኛ ሳይባል የሚወረስ ንብረት

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ በባቲ በኩል የሚመጣ የንግድ ዕቃም በእሷ አልፎ ወደ ደሴ ይወጣል። እዚህ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ቢያዝበት ምን ይሆናል?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ቁጥር 1364፣ ባለንብረቱ በወንጀል ጥፋተኛ ባይባልም ንብረቱ የሚወረስበትን መንገድ ከፍቷል። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት የተገኘበት ሰው ከየት እንዳመጣው እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ደረሰኝ በማይቆረጥበት ገበያ ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው። ሆኖም ፖሊስ ይይዛል እንጂ አይወርስም፤ በዚህ አዋጅ ውርስን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር በትእዛዝ የሚደረግ ብርበራ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይካሄዳል፤ የተያዘውም ንብረት በዝርዝር ይመዘገባል። ብሩ ተቆጥሮ፣ ወርቁ ተመዝኖ መጻፉን ሳታዩ አትፈርሙ።