ሪሲቨሩ «ቡት» ብሎ ሲቀር

ጋይንትም ሆነ እስቴ፣ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ሁለት ብልሽቶችን ለይቶ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ነፋስ ሳህኑን ገፍቶት ቴሌቪዥኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ሪሲቨሩ ጤነኛ ነው፤ ሳህኑን ማስተካከል ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ጨልሞ፣ ሪሲቨሩ ፊት ላይ «ኦን» ወይም «ቡት» የሚለው ብቻ በርቶ ከቀረ፣ ሪሞቱንም አልሰማ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በፕሮሰሰሩና በሜሞሪ ቺፑ መካከል ያለው መግባባት ነው።

እንዲህ ያለ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ «ተቃጥሏል» ተብሎ ይጣላል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሊድን የሚችል ዕቃ ነው። ለማሠራትም ሆነ ሌላ ለመግዛት ከተማ መውጣት ቀላል አይደለም፦ የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር 75፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስማዳ ላለ ሰው መንገዱ ከዚህም ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ሪሲቨሩ ከቆመ ዜናውም ቅዳሴውም ከቤቱ ይርቃል።

ክዳኑ ሲከፈት ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ስምንት እግር ያለው ትንሽ ጥቁር ቺፕ ይታያል። ጀርባው ላይ ብዙውን ጊዜ 25ኪው32 ወይም 25ኪው64 የሚል ይነበባል። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር በሜጋቢት የተለካ ነው፤ ስለዚህ 64 ማለት 8 ሜጋባይት ነው። ሶፍትዌሩ፣ ሜኑው፣ የጣቢያዎቹ ዝርዝር የሚቀመጡት እዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ኃይል እንዳገኘ ይህን ቺፕ ጠርቶ ፕሮግራሙን ያነባል። መልስ ካጣ ወይም ያነበበው የተበላሸ ከሆነ እዚያው ይቆማል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በማይክሮ ኮንትሮለር የዝናብ ወይም የሙቀት መመዝገቢያ ሲሠራም የሚያገናኘው ይህንኑ የቺፕ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም፣ መላውም አንድ ነው።

ንግግራቸው በአራት መስመር ነው። 1ኛው እግር ቺፑን ይጠራል፤ በ6ኛው የጊዜ ምት ይመጣል፤ በ5ኛው ትእዛዝ ይገባል፤ በ2ኛው መልስ ይወጣል። 8ኛው ኃይል፣ 4ኛው ግራውንድ ነው። የሚረሱት 3ኛውና 7ኛው ናቸው፦ 3ኛው ጽሑፍን ይጠብቃል፣ 7ኛው ንግግርን ያስቆማል። 7ኛው ሳይታሰብ ወደ ዜሮ ከወረደ ቺፑ ምንም ሳይሆን ዝም ሊል ይችላል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እኔ ሁሌም ከኃይሉ እላለሁ። ቴስተሩ በ8ኛውና በ4ኛው እግር መካከል 3.3 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። አንሶ ወይም እየዋዠቀ ከተገኘ ቺፑን መንካት አያስፈልግም፤ ፓወሩ ላይ ያበጠ ወይም የደረቀ ካፓሲተር ይፈለግ። መብራት በየጊዜው በሚዋዥቅበትና በሚጠፋበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነገር ነው።

ኃይሉ ደህና ከሆነ ቺፑ ፕሮግራመር በሚባል ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ ማንነቱን ይጠየቃል። ትእዛዙ 9ኤፍ ይባላል፤ ቺፑም በሦስት ባይት ይመልሳል። «ኢኤፍ 40 17» ካለ ዊንቦንድ የሠራው ባለ 8 ሜጋባይት ቺፕ ነው፤ በ16 ካለቀ ባለ 4 ሜጋባይት ነው። መጀመሪያው «ሲ8» ከሆነ ጊጋዲቫይስ፣ «ሲ2» ከሆነ ማክሮኒክስ ነው። የሚሰማው «ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ» ወይም ዜሮ በዜሮ ከሆነ ግን ማንም አልመለሰም ማለት ነው። ያኔ ሶፍትዌር ልጫን ማለት ከንቱ ድካም ነው። የላላ ብየዳ፣ ቺፑን ገልብጦ የያዘ የፕሮግራመሩ ክሊፕ፣ ዝገት የያዘ እግር፣ የተቀያየረ 2ኛና 5ኛ መስመር ይፈተሽ። ስሙን በትክክል ተናግሮ ሪሲቨሩ አሁንም ካልተነሣ፣ ጥርጣሬው ከሽቦው ወደ ጽሑፉ ይዞራል። ይህችን አንዲት ጥያቄ መዝለል ነው ብዙ ጤነኛ ቺፕ ያስነቀለው።

ለዚህ ሥራ ባለሙያዎች የሚይዙት ርካሽ መሣሪያ ሲኤች341ኤ የተባለው ፕሮግራመር ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ጥቁር ቦርድ ያለው ዓይነት በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት ስለሚልክ ባለ 3.3 ቮልት ቺፕን ሊጎዳ ይችላል። በ1.8 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ቺፖችም ስላሉ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ ያሻል። ሌላው አስቸጋሪ ነገር፣ ቺፑ ቦርዱ ላይ እንዳለ በክሊፕ ሲያዝ ከፕሮግራመሩ የሚመጣው ኃይል ወደ ቦርዱ ያልፍና ፕሮሰሰሩም ነቅቶ በዚያው መስመር መናገር ይጀምራል። ሁለት አፍ በአንድ መስመር ሲናገር የሚነበበው ዝብርቅርቅ ነው። ቺፑን በጥንቃቄ አንሥቶ ለብቻው ማንበብ ይሻላል።

ከመሰረዝ በፊት ያለው ይቀዳል፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱ ቅጂዎች ካልተመሳሰሉ ክሊፑ በደንብ አልነካም፤ አጭር ሽቦና ቀርፋፋ ፍጥነት ይረዳሉ።

ፍላሽ ሜሞሪ የሚጻፍበት መንገድም የራሱ ሥርዓት አለው። መጻፍ 1ን ወደ 0 ሊለውጥ ይችላል፤ 0ን ወደ 1 የሚመልሰው ግን መሰረዝ ብቻ ነው፣ ያውም በትንሹ 4 ኪሎባይት አንድ ላይ። የተጻፈበት ብራና ሳይፋቅ እላዩ ላይ ቢጻፍ አሮጌውም አዲሱም እንደማይነበብ፣ ሳይሰረዝ የተጻፈ ቺፕም እንደዚያው ነው። በተጨማሪም ከእያንዳንዱ መጻፍና መሰረዝ በፊት 06 የተባለው የመጻፍ ፈቃድ ይላካል፤ በአንድ ጊዜ የሚጻፈው እስከ 256 ባይት ነው፤ ቺፑ ሥራውን ሳይጨርስ የመጣን ሌላ የመጻፍ ትእዛዝ አይቀበልም። የራሱን ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ማንበብ ይሠራል፣ መጻፍ እምቢ ይላል።

ሪሲቨር ሶፍትዌር እየተጫነበት መብራት ከጠፋ «ቡት» ላይ የሚቀረውም ለዚህ ነው፤ አሮጌው ተሰርዟል፣ አዲሱ አላለቀም። ቺፑ ግን አልሞተም። ለዚያው ሞዴል የሚሆነው ፋይል በፕሮግራመር ተጭኖ፣ መልሶ ተነብቦ ከፋይሉ ጋር ከተመሳሰለ ሪሲቨሩ ይነሣል።

ቺፑ በእርግጥ ከሞተ በ25ኪው64 ፋንታ ያንኑ መጠንና ቮልቴጅ ያለው የሌላ ድርጅት ቺፕ ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ የማያውቀው መለያ ከሆነ ግን እምቢ ሊል ይችላል። አንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን መለያ ቁጥር እዚያው ቺፕ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀድሞ የተቀዳው ፋይል የሞዴሉ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ።