ጥለትና ተረከዝ

ወለቃ የሚመጣ እንግዳ በእጅ የተሠራ ካልሲ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ የሚወርድ ገዥ ግን እጁን እስከ አንጓው ያስገባና ተረከዙን ከውስጥ በአውራ ጣቱ ይገፋዋል። ክሩ ከሳሳበት ምንም ሳይናገር ቦታው ይመልሰዋል። ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው፤ ካልሲ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ወለቃ የባለ እጆች መንደር ናት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ትገኛለች። የቤተ እስራኤል መንደር በነበረች ጊዜ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙው ሰው ወደ እስራኤል ሄደ፤ ሸክላው ግን ቀረ። ጥቁሮቹ ትንንሽ አንበሶችና የሰው ምስሎች ዛሬም ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም ሸክላና ሽመና ሲያስተምር ቆይቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ሹራብ ዘግይቶ የመጣ ሙያ ነው። ብዙዎቻችን መርፌ የያዝነው ለአራስ ልጅ ኮፍያና ካልሲ ለመሥራት ነው። የትልቅ ሰው ካልሲ፣ ያውም ባለ ጥለት፣ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ሕፃን በካልሲው አይሄድም፣ ትልቅ ሰው ግን ይሄድበታል።

ጥለቴን የምወስደው ከሸማኔዎቻችን ነው። በነጠላና በቀሚስ ላይ ያለውን መስቀል በሒሳብ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ፤ አንዱ ካሬ አንድ የሹራብ ቀለበት ነው። ሰው መገልበጡ ብቻ የሚበቃ ይመስለዋል፤ አይበቃም። ሸማኔ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር ሲያስገባ ጨርቁ ግራና ቀኝ ዳር አለው። ጥለቱ ሳይሞላ ቢቀር ትርፉ ዳር ላይ ያልቃል፣ ማንም አያየውም። ካልሲ ግን ዳር የለውም። ጥለቱ ዞሮ ከራሱ ጋር መገናኘት አለበት።

ስለዚህ ከመርፌ በፊት ሒሳብ ይቀድማል። በእኔ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 28 ቀለበት ይገባል። የእግሯ ዙሪያ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት እንደ ልኬቱ 64 ቀለበት ይደርሳታል። ነገር ግን በልክ የተሠራ ካልሲ ጫማ ውስጥ ይሸበሸባል፤ ጠበብ ብሎ እግሩን መያዝ አለበት። 60 ላይ እጀምራለሁ። ባለ 12 ቀለበት መስቀል 60ው ላይ አምስት ጊዜ ገብቶ ልክ ይዘጋል። ባለ 14 የሆነው መስቀል የቱንም ያህል ቢያምር አራት ጊዜ ከገባ በኋላ አራት ቀለበት ይተርፋል፤ ወይ መስቀሉን አሳጥረዋለሁ፣ ወይ በመስቀሎቹ መካከል ነጭ መስመር አስገባለሁ። እንደዚያም ሆኖ ሥራው እየዞረ ወደ ታች ስለሚወርድ የዙሩ መጀመሪያና መጨረሻ በአንድ ደረጃ ይዛነፋሉ። ያን መጋጠሚያ ሁልጊዜ ከባት በኩል አደርገዋለሁ።

ክሩም የራሱ ጣጣ አለው። ከእንዝርት የወረደው ነጠላ ፈትል ለሸማኔ ማግ ጥሩ ነው፤ ካልሲ ላይ ግን ይበጠሳል። ሁለት ልቃቂት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ፣ እንዝርቱን ከተፈተለበት አቅጣጫ በተቃራኒ እያሾርኩ አከረዋለሁ። በተፈተለበት አቅጣጫ ከከረረ ክሩ እየተቆጣ ይቋጠራል፤ በተቃራኒው ሲሆን ግን ይረጋጋል፣ ክብ ሆኖም ይወጣል። ቀዩን ክር ከቅዳሜ ገበያ ስገዛ አንድ ክንድ ያህሉን ከነጭ ክር ጋር ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ነክሬ አሳድረዋለሁ። ነጩ ጠዋት ላይ ሮዝ ሆኖ ከተገኘ ያ ቀይ ለጥለቴ አይሆንም። ጥጥ እንደ በግ ፀጉር ተለጥጦ አይመለስም። ስለዚህ የካልሲውን አንገት አንዱን ቀለበት ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ እያደረግሁ ከአራት ጣት በላይ አስረዝመዋለሁ። የደጋው በግ ፀጉር ይሻል ነበር፤ ግን ሻካራ ነው፤ ለባናና ለስሜን ተጓዥ ኮፍያ እንጂ ለባዶ እግር አይመችም።

ጥለቱ ባለበት ዙር ሁለት ክር አብሮ ይሄዳል፤ በፊት የማይታየው በጀርባ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ከአምስት ቀለበት በላይ ከተንጠለጠለ ጣት ይገባበትና ይስበዋል፤ ስለዚህ መሐል ላይ ከሌላው ክር ጋር አጠላልፌ አስረዋለሁ። ደግሞ ሁለት ክር ያለበት ጨርቅ ይጠብቃል፤ ጥጥ ሲሆን ከነጭራሹ አይለጠጥም። ካልሲው ቁርጭምጭሚትን አልፎ ወደ ተረከዝ እንዲወርድ ጥለቱ ላይ ስደርስ መርፌዬን በአንድ ቁጥር ወፈር ባለ እቀይራለሁ። መርፌዎቼ ሁሉ ከብስክሌት ራጂ የተቆረጡ ናቸው፤ ሁለቱም ጫፋቸው በድንጋይ ተስሎ ሾሏል። ከሱቅ መርፌ አይተናነሱም።

ተረከዝ ላይ ጥለት አላስገባም። በዚህ ከብዙ ሠሪዎች ጋር አንስማማም፤ ሥዕል ሙሉ ሆኖ ሲታይ እንደሚያምር አውቃለሁ። ነገር ግን በጀርባ የተንጠለጠለ ክር ተረከዝ ላይ ሲታሽ የሚቆየው አንድ ክረምት ብቻ ነው። ከ60ው ቀለበት ግማሹን፣ 30ውን፣ ለብቻ እይዝና ወዲያና ወዲህ እመላለስበታለሁ። በፊት በኩል ስመለስ አንዱን ቀለበት እሠራለሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ሳልሠራው አሳልፈዋለሁ፤ ያለፈው ቀለበት ከኋላው ክር ስለሚጋረድበት ጨርቁ እጥፍ ይሆናል። በጣት ሲዳሰስ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ደባርቄው የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። 30 መስመር ከወረድኩ በኋላ መሐሉን እየቀነስኩ አጥፌ 18 ላይ አደርሰዋለሁ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ጠርዝ 15፣ 15 ቀለበት እለቅማለሁ፤ ከእግሩ ላይኛው ክፍል 30 ጋር ሲደመር 78 ይሆናል። በየሁለት ዙሩ ሁለት ሁለት እየቀነስኩ ወደ 60 እመለሳለሁ። እግር ከተረከዝ ወደ ጣት ሲሄድ የሚጠበው በዚህ ዐይነት ነው።

ጥጥ ለካልሲ አይሆንም የሚሉኝ አሉ። እስካሁን ተጠብቀው ከሚገኙት የሹራብ ካልሲዎች ጥንታዊ የሆኑት በግብፅ የተገኙ ነጭና ሰማያዊ ጥለት ያላቸው የጥጥ ካልሲዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ600 ዓመት በላይ ነው። ከእነዚያም በፊት በዚያው አገር ጣቱ ለሁለት የተከፈለ፣ ከሰንደል ጫማ ጋር የሚደረግ የበግ ፀጉር ካልሲ በአንድ መርፌ ይሠራ ነበር። ዓባይ ከጣና ወደዚያ እንደሚወርድ ሳስብ፣ ጎንደር ላይ ጥጥ ፈትላ ባለ ጥለት ካልሲ የምትሠራ ሴት የሰው ሙያ ተውሳለች የሚያሰኝ ነገር አይታየኝም።

የሚያሳስበኝ ሥልጠናው ነው። ጀማሪ ሴቶች ሲመጡ መጀመሪያ የሚሰጣቸው መስቀሉና ኮከቡ ነው፤ እንግዳ የሚገዛው እሱ ስለሆነ። ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በብርድ ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ሁልጊዜ እዚሁ ያለ ደንበኛ ደግሞ እሱ ነው። በእኔ በኩል ለምታሠለጥኑ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ሴቶቹን መጀመሪያ በነጭ ክር ተረከዝ ብቻ አሠሩአቸው፤ ደጋግመው ይፍቱት፣ ደግመው ይሥሩት። 78ቱ ሳይቆጠር ከእጃቸው ሲወጣ የሒሳብ ደብተሩንና ቀዩን ክር ስጧቸው። ዋጋውንም ሲተምኑ የተረከዙን ሥራ ለብቻው ይጻፉ፤ ገዥው የከፈለበትን ይወቅ። ከእያንዳንዱ ጥንድ ጋር ከዚያው ክር ሁለት ክንድ ጠቅልለው ይስጡ፤ ተረከዙ የሳሳ ቀን ባለቤቱ በመርፌ ይጠግነዋል።