አፉን ያልፈታ ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይማራል?

አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ቢቀር፥ ስሙን ሲጠሩት ዘወር ባይል፥ ከእኩዮቹ ተለይቶ አንዲት ቆርኪ ሲያሽከረክር ቢውል፥ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ቡዳ ወይም ዓይነ ጥላ ነው። ጠበሉም ሳይረዳ ሲቀር እንግዳ እንዳያየው ጓዳ የሚዘጋበት አለ። ኦቲዝም ግን የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እንጂ እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም። (በዚህስ ምሁራኑም ተሳስተው ነበር። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ሁኔታው ከጻፈ በኋላ፥ ፍቅር የነፈገች እናት ያመጣችው ነው ሲባል ብዙ ዓመት ኖሯል።)

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ስላጡ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፈዋል።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሥራው ልጁን «ማዳን» አይደለም። መጀመሪያ የሚያደርገው ቀኑን በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነው። ትምህርት፥ ምሳ፥ ጨዋታ፥ ወደ ቤት መሄድ፥ ሁሉም በሥዕል በተራ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሥዕሉ ይነሣል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስላወቀ ልጁ በድንገተኛ ለውጥ አይሸበርም። እጅ መታጠብ እንኳ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፦ ውኃ መክፈት፥ ሳሙና መያዝ፥ ማሸት፥ ማጠብ፥ ማድረቅ። ጫጫታ ሲበዛበትም የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግ ይዘጋጅለታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጠየቅ ትምህርት ነው። የጠማው ልጅ የውኃ ሥዕል አንሥቶ ለመምህሯ ይሰጣል፤ እርስዋም የውኃውን ስም ጠርታ ወዲያው ውኃውን ትሰጠዋለች። መናከስና መጮኽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጠየቂያ ከማጣት ስለሆነ፥ ሥዕሉ ሲገባው ንክሻው ሊቀንስ ይችላል። ወላጆችም ይህንኑ ተምረው ቤት ካልደገሙት ግን ልፋቱ ግማሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፥ ከባሮ ዳር ያለች እናት ልጇን ማለዳ ማለዳ እዚያ ልታደርስ አትችልም። በክልሉ አኝዋ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ በየቋንቋቸው ይናገራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። አፉን ያልፈታ የአኝዋ ልጅ እናቱ ውኃን «ፒ» ስትለው፥ መምህሩ «ውኃ» ይለዋል። ለሌላው ልጅ ይህ ቀላል ነው፤ አንዱን ድምፅ ካንዱ ነገር ጋር ለማያያዝ ለሚታገለው ግን ድካሙን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ሥዕሉ ግን በሁለቱም ቤት አንድ ነው። ስለዚህ እዚያ ልዩ ክፍል ሲከፈት ከአዲስ አበባ የመጣ ሥዕል ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ቤቱ የሚያየው ዓሣ፥ ማንጎ፥ ጀሪካን መሣል አለበት፤ ስሙም እናቱ በምትጠራበት ቃል መጠራት አለበት። ወረቀትና ቀለም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያን ቃል የሚያውቅና አንድን ልጅ እጅ መታጠብ ለማስተማር ወራት የሚታገሥ መምህር ማሠልጠን ነው።